መመለሻ ሰዓት የሌለው ተራራ

ነገሩ የሚጀምረው በፖስተር ነው። ከኋላ ደመና የለበሰ ተራራ፣ ከፊት እጆቿን ወደ ሰማይ የዘረጋች ልጅ፣ ከስር ደግሞ ዋጋ፣ የመነሻ ሰዓትና «የማይረሳ የአንድ ቀን ጉዞ» የሚል ጽሑፍ። ምሳ ይካተታል። ውሃ ይካተታል። ፎቶ አንሺ ይካተታል። አንድ ነገር ብቻ አይካተትም፤ ስንት ሰዓት ላይ ፊታችንን አዙረን እንደምንመለስ።

ይህችን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለዚያች ስለቀረችው መስመር ነው። ቀላል ነገር ትመስላለች። እኛ ግን የጉዞው ዕቅድ ማለት እሷ ናት እንላለን፤ ሌላው ግብዣ ነው።

መጀመሪያ እንስማማ። ወጣቱ ቅዳሜና እሑድን ከካፌና ከጫት ቤት አውጥቶ ወደ ወንጪ፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ የረር፣ ወደ መናገሻ ሱባ መውሰዱ ያስደስተናል። «ሥራ ፈቶች፣ ገበሬው ሊወርደው የሚመኘውን ዳገት ከፍለው ይወጣሉ» የሚሉትን አንቀበልም። አገርን በእግር ማየት ቅንጦት አይደለም። ጠባችን ከመውጣቱ ጋር ሳይሆን ከአወጣጡ ጋር ነው። የምንጣላውም እንደ ጨዋ ታዛቢ ከዳር ቆመን አይደለም፤ እኛው ራሳችን ጥፋተኞች ነን።

እንናዘዝ። የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ አንድ እሑድ፣ ሃያ ሦስት ሆነን ወደ አንድ ተራራ ሄድን። ስሙን አንጠቅስም፤ ተራራው ምንም አላጠፋም። መነሻ 12 ሰዓት ተብሎ ነበር። እንደ ወጉ አንዱ ሲጠበቅ፣ አንዷ ስትደወልላት፣ ሾፌሩ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ከዚያም «ቁርስ ሳንበላማ አይሆንም» ተብሎ መራመድ የጀመርነው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ጫፍ ላይ የደረስነው 9 ሰዓት ተኩል። ጫፉ ላይ ፎቶ አለ፣ ምሳ አለ፣ ጭፈራ አለ፤ 10 ሰዓት ተኩል ሆነ። ስንወርድ ጨለመ። ከሃያ ሦስት ሰው መካከል ባትሪ የያዘ አንድ ብቻ ነበር። የስልክ መብራት ተራ በተራ እየጠፋ፣ አንዷ ጓደኛችን ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት፣ ሁለት ልጆች ሌላ ሸለቆ ውስጥ ገብተው እየተጣራን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የአንድ ገበሬ ውሾች አገኙን። ገበሬውና ልጁ ጓደኛችንን ተሸክመው አወረዷት። እናትየው እሳት አንድደው፣ ቡና አፍልተው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ልጆቼ፣ ፀሐይዋን አላያችኋትም እንዴ?»

አይተናታል፤ ችግሩ ይኸው ነው። ሁላችንም እየቆለቆለች አይተናታል። ማንም ግን «እንመለስ» አላለም። በማግስቱ ሁላችንም የለጠፍነው የጫፉን ፎቶ ነው። ስለ ቁርጭምጭሚቷ የጻፈ የለም። ያንን ፎቶ አይተው በሚቀጥለው ወር የተመዘገቡ ሰዎች እንዳሉ ስናስብ ዛሬም ያሳፍረናል።

እንግዲህ ወደ ወለጋ እንምጣ። ከመካከላችን ነቀምቴ ያደግን አለን፤ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ዘመድ ያለን አለን። ስንገናኝ የምናነሳው ተራራ ቱሉ ወለል ነው። በቄለም ወለጋ፣ በደምቢ ዶሎ በኩል፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ ነው። «ቱሉ» በኦሮምኛ ተራራ ማለት ስለሆነ «የቱሉ ወለል ተራራ» የምትሉ ሰዎች ተራራውን ሁለት ጊዜ እየጠራችሁት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ «አንድ ቀን» ስንል የኖርነው እሱን ነው። ያቺ «አንድ ቀን» ስትመጣ እንደ ሃያ ሦስቱ ሰዎች ቀን እንዳትሆን ዕቅዱን ዛሬ በወረቀት እናውጣው። ተራራን ሲያቅዱ የት መጀመር እንዳለበትም እግረ መንገዳችንን እናሳያችኋለን።

የሚጀመረው ከማታ ነው።

ጎበዝ፣ አትሳቁ። ሁሉም ሰው «ጠዋት ስንት ሰዓት እንነሳ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ትክክለኛው ጥያቄ «ማታ ስንት ሰዓት ላይ ይጨልምብናል?» የሚለው ነው። ወለጋ ደግሞ በዚህ በኩል የራሱ ጠባይ አለው። ደምቢ ዶሎ ከአዲስ አበባ በምዕራብ ራቅ ያለ ስለሆነ ፀሐይ እዚያ የምትወጣው ከአዲስ አበባ 15 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። በጥር ወር አጋማሽ ፀሐይ የምትታየው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ሲሆን የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው። ቀኑ ሙሉ 12 ሰዓት እንኳን አይሞላም። እኛ ደግሞ በምድር ወገብ አጠገብ ያለን ሕዝብ ስለሆንን ድንግዝግዝ የሚባል ነገር ብዙም አናውቅም፤ ፀሐይዋ ከገባች ጨለማው ወዲያው ከች ይላል።

እሺ፣ 12 ሰዓት ከ40 ላይ ትጠልቃለች። ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ያህል መጠባበቂያ እንተው። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከተራራው ስር መገኘት አለብን። አሁን መንገዱን እናስላ። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያስቀመጣት አንዲት ቀላል ስሌት አለች። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዙ፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ወደ ላይ መውጣት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ለምሳሌ ያህል፣ የመረጣችሁት መነሻ ከጫፉ 12 ኪሎ ሜትር ቢርቅና 1,200 ሜትር ሽቅብ ቢያስወጣችሁ፣ ለርቀቱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ለዳገቱ 2 ሰዓት፣ በድምሩ 4 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ግን ዕረፍት ለማያውቅና ልቡም እግሩም ለጠነከረ ሰው ነው። ፎቶ የሚያነሳ፣ ጫማው የሚፈታበት፣ ትናንት ማታ ሠርግ ያመሸ ሰው ላለበት ቡድን ግማሹን ጨምሩበት። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ መጣ። መውረጃውን አራት ሰዓት ተኩል እንበለው፤ የደከመ ጉልበት ቁልቁለት አይወድም።

አሁን ወደ ኋላ ቁጠሩ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ታች ለመድረስ ከላይ የምንነሳው 7 ሰዓት ላይ ነው። 7 ሰዓት ላይ ጫፍ ለመገኘት ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ በባትሪ ብርሃን መራመድ መጀመር አለብን። አያችሁ? ቀኑ አለቀ። ለቁርስ፣ ለሚዘገየው ሰው፣ ለሾፌሩ ነዳጅ የሚተርፍ ጊዜ የለም። «ረጅምና አድካሚ የአንድ ቀን ጉዞ» ማለት ይህ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንታጠቀው መኪና ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ ስሌት አንዲት ቁጥር ብቻ ተይዛ ብትቀር ይበቃናል፤ 7 ሰዓት። 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን። ጫፉ መቶ እርምጃ ቢቀረውም፣ ሰማዩ ጥርት ቢልም፣ ሁላችንም «ምንም አልደከመንም» ብንልም። ቁጥሩ የሚቆረጠው ደግሞ ከመነሳታችን በፊት፣ ታች፣ ጭንቅላታችን ሳይደክምና ልባችን ሳይሞቅ ነው። ምክንያቱም ላይ ስንደርስ የምናስበው እኛ ሳንሆን ጫፉ ነው። ያን ያህል ለፍቶ ጫፉን እያየ የሚመለስ አእምሮ እግዜር ለብዙ ሰው አልሰጠም።

ማስረጃ ካሻችሁ፣ ከእኛ ኮረብታ ወጥታችሁ ኤቨረስትን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1996 እዚያ የነበሩ ቡድኖች ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለመመለስ ተነጋግረው ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ብዙዎቹ ሽቅብ መውጣታቸውን ቀጠሉ። ማዕበሉ በቁልቁለት ላይ አገኛቸውና በሁለት ቀን ውስጥ ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱት መካከል በሙያቸው አንቱ የተባሉ መሪዎች ነበሩበት። በዚያው ወር፣ ከዚያ አደጋ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ጎራን ክሮፕ የሚባል ስዊድናዊ ከጫፉ መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው ተመለሰ። ይህ ሰው ከአገሩ ከስዊድን እስከ ኔፓል ድረስ ብስክሌት እየነዳ የመጣ ነው! ከእሱ በላይ «እስከዚህ ድረስማ መጥቼ አልመለስም» ለማለት መብት ያለው ሰው ማን ነው? ተመለሰ። አረፈ። በዚያው ግንቦት ወር መጨረሻ ገደማ ደግሞ ወጥቶ ጫፉን ረገጠ። በሕይወት ያለ ሰው ሁለተኛ ዕድል አለው።

«ኤቨረስትና የእኛ ተራራ ምን አገናኛቸው?» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በረዶ የለብንም። ያለብንን ግን እንቁጠር። በ3,300 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው በከተማው አስፋልት ላይ የሚሮጠው ጓደኛችሁ እዚያ ቆሞ የሚተነፍሰው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ነቀምቴ በቲሸርት የዋለ ሰው እዚያ ጫፍ ላይ በስምንት ዲግሪ ያህል የበረደ አየር ይጠብቀዋል ማለት ነው፤ ነፋሱ ሳይታሰብ። ላብ ያራሰው ሸሚዝ ላይ ያ ነፋስ ሲመጣ ጥር ላይም ሰው ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ደግሞ መብረቅ አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ በብዙ ተራሮቻችን ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታና ሣር ብቻ ይቀራል። ራሰ በራ ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ የሚዘረጋ ሰው በአካባቢው ካለው ነገር ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። ፖስተሩ ላይ ያለችው ልጅ ትዝ አለቻችሁ? ደጋው አገራችን ላይ ደመናው የሚከመረውና ዝናቡ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ወለጋ ላይ ደግሞ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ስለዚህ ወቅቱ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው፤ የ7 ሰዓቱ ቁጥርም ለጨለማው ብቻ ሳይሆን ለደመናውም ነው። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳይሞላ ከሰማችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትመካከሩበት ጊዜ አልፏል፤ ከጫፉና ከሸንተረሩ ውረዱ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ስርም አትጠለሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ላይ አትመለሱ።

ይህን ስንል ሁልጊዜ አንድ መልስ ይመጣል። «የአገሩ ገበሬ በኮንጎ ጫማ ይወጣው የለ? ምን ታካብዳላችሁ?» አዎ፣ ይወጣዋል። ገበሬው ግን በኮንጎ ጫማ ብቻ አይደለም የሚወጣው። ደመናውን ያነባል፣ ውሃው የት እንዳለ ያውቃል፣ የቱ መሻገሪያ ዝናብ ሲጥል እንደሚሞላ ያውቃል፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅም ይመለሳል። እኛ ከእሱ የቀዳነው ግድየለሽነቱን ነው፤ እሱ ደግሞ ግድየለሽ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ከእሱ እንማር ካላችሁ ሙሉውን ተማሩ። የመንደሩን ልጅ መሪ አድርጋችሁ ቅጠሩ፣ በቂ ገንዘብ ክፈሉት፣ «በቃ፣ እንመለስ» ሲል ደግሞ ስሙት። ከፍላችሁ የምትገዙት መንገድ ማሳየቱን ብቻ አይደለም፤ አይሆንም ማለቱንም ጭምር ነው።

ሌላው መልስ «ያለ ቀኑ ማንም አይሞትም» የሚለው ነው። ወዳጆቻችን፣ ይህን አባባል ለለቅሶ ቤት አቆዩልን፤ እዚያ ሐዘንተኛን ያጽናናል። ለጉዞ ዕቅድ ግን አይሆንም። በቀኑ የሚያምን ሰውም ቢሆን አስፋልት ሲሻገር ግራና ቀኝ ያያል።

ስንቅም ላይ ትንሽ እንጨቃጨቅ። ፖስተሩ «ምሳ ይካተታል» ያለው ላይ ደርሰን የምንበላው ፓስታ ነው፤ በላስቲክ የታሰረ፣ የቀዘቀዘ። ወለጋ ላይ ቆሞ ከሱፐርማርኬት ብስኩትና የኃይል መጠጥ መሸከም ደግሞ ምን ይባላል? ቦርሳ ውስጥ የሚያዘው ጭኮ ነው፤ ገብስና ቅቤ፣ የማይበላሽ፣ ትንሹ የሚያጠግብ። ማታውን የተቀቀለ አንቾቴ ከወለጋ በቀር የት ይገኛል? በቅቤ የታሸ ቡናማ የተጓዥ ስንቅ መሆኑን ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጉዞው ጽፎታል፤ የኦሮሞ ተጓዦች የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ አድበልብለው እየያዙ ረጅም መንገድ ይሄዱ ነበር። ፈረንጁ ዛሬ በአሉሚኒየም ጠቅልሎ የሚሸጥልንን አያቶቻችን በቅል ይዘውት ነበር። ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር፤ በመኪና ሳይሆን በጀርባ። ለእያንዳንዱ ሰው ባትሪ፣ ከነትርፍ ድንጋዩ። የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ለቁስል ማሰሪያ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ብርድ ላይ ደግሞ ቶሎ ይጨርሳል። ስልክ ደውለን ሄሊኮፕተር የምንጠራበት አገር ውስጥ አይደለንም፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ቢገኝ እንኳ መኪና የሚደርሰው መንገዱ እስካለ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው አምቡላንስ የጓደኛችሁ ጀርባ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ነገር ይፈርሳል፤ በይሉኝታ።

ያን እሑድ ለምን አልተመለስንም? ሰዓት ስለሌለን አይደለም፤ ሁላችንም ሰዓት ነበረን። በኋላ ስንጠያየቅ ከሃያ ሦስቱ ቢያንስ ስምንቱ ከ8 ሰዓት ጀምሮ መመለስ ፈልገው ነበር። ቁርጭምጭሚቷ የዞረባት ጓደኛችን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ደክሟት ነበር። «ለምን አልተናገርሽም?» አልናት። «የሰው ቀን አበላሽ እንዳልባል» አለች። እሷ ስትዘገይ እኛ ዳገቱ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃታለን፤ ስትደርስ እኛ ስላረፍን ተነስተን እንሄዳለን። ያረፈው የጠነከረው ነው፤ የደከመው ግን አላረፈም። ይህን ሂሳብ ያን ቀን አንዳችንም አላሰላነውም።

«ወንድ ልጅ ከመንገድ አይመለስም» የሚለው ፉከራ ጦር ሜዳ ምን እንደሠራ ታሪክ ጸሐፊዎች ይንገሩን። ተራራ ላይ የሚሠራውን ግን አይተናል። ሴት ልጅ ደከመኝ እንዳትል ያፍናታል፣ ወንዱን መታመሙን ያስደብቀዋል፣ አዘጋጁን ደግሞ የከፈለ ደንበኛ ፊት ላለማፈር ሲል ሰው ወደ ጨለማ እንዲነዳ ያደርገዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ምክር አይደለም፤ ሕግ ነው። አንደኛ፣ ቡድኑ የሚሄደው በዝግተኛው ሰው እርምጃ ነው፤ እሱ ከፊት ይሁን። ሁለተኛ፣ ከመነሳታችን በፊት መመለሻው ሰዓት ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ማንም «አበላሸ» ሊባል አይችልም፣ ያበላሸው ሰዓቱ ነውና። ሦስተኛ፣ ማንም ሰው፣ ትንሿ ልጅም ብትሆን፣ አንድ ጊዜ «እንመለስ» ካለች ክርክር የለም። ብቻዋንም አትላክም።

እስካሁን ስለ ተራራው አወራን። ወለጋ ላይ ግን መንገዱ ራሱ ተራራ ነው፤ ይህን ዘልለን ብንሄድ እንደ ፖስተሩ መዋሸት ይሆንብናል።

ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ዴዴሳን ተሻግሮ ጊምቢ፤ ከጊምቢ አልፎ ደምቢ ዶሎ ለመድረስ ከነቀምቴ ሌላ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች የታገቱት በዚህ ምድር ላይ ነው። በዚያው ዓመት ወለጋ ውስጥ ለወራት ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እናት ልጇን ማግኘት አቅቷት ከርሟል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ሰኔ ሳያልቅ በቄለም ወለጋ ሐዋ ገላን ሌላ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። መንግሥትና ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው ታጣቂ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለት ጊዜ ታንዛኒያ ላይ ተገናኝተው ሳይስማሙ ተለያዩ። ይህን እያወቀ «የምዕራቡ ድብቅ ገነት» የሚል ፖስተር ለጥፎ ሰው የሚመዘግብ አዘጋጅ ቢመጣ፣ ተራራው ጋ ሳይደርስ ነው የምንጣላው።

ተራራ ላይ 7 ሰዓት የቆረጥን ሰዎች መንገድ ላይም እንዲሁ እንቆርጣለን። ነቀምቴ አንድ መመለሻ ናት፤ ጊምቢ ሌላ መመለሻ ናት። እያንዳንዷ ላይ ቆመን የምንጠይቀው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ትናንት በመንገዱ ያለፈውን የአውቶቡስ ሾፌር፣ እዚያ የሚኖረውን ዘመድ፣ የመንደሩን ሽማግሌ ነው። «ልጆቼ፣ ዛሬ አይሆንም» ካሉን ዛሬ አይሆንም። ጫፍ ላይ ቆሞ ባንዲራ ይዞ ፎቶ በመነሳት «ሰላም ነው» ማለት ለሚኖርበት ሰው ስድብ ነው። እዚያ የሚኖረው ሰው የሚመለስበት ሌላ ከተማ የለውም።

ታዲያ «መሄድ ካልተቻለ ዕቅዱ ምን ይሠራል?» ለሚሉን አንድ የወለጋ ሰው እናስታውሳቸው። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ከአገሩ የወጣ ሰው ነው። ነጻ ወጥቶ፣ ስዊድን ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1881 በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ከጓደኞቹ ጋር ተነሳ። ፋማካ ድረስ ደረሱ። መንገዱ አላስኬድ ሲላቸው በ1882 በበሽታ ተዳክመው ካርቱም ተመለሱ። ያኔ «እዚህ ድረስ መጥቼማ» ብሎ ቢቀጥል ኖሮ ስሙን ዛሬ ማን ይጠራው ነበር? ተመልሶ ሥራውን ሠራ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 አሳተመ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ ከዚያ የሱዳን ጉዞ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ። ያረፈውም እ.ኤ.አ. በ1931 እዚያው ነቀምቴ ነው። መመለስ ሽንፈት ቢሆን ኖሮ ነቀምቴ እንዲህ ያለ ሰው አይኖራትም ነበር።

ስለዚህ የእኛ ዕቅድ ይኸውላችሁ። የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ልጆች፣ ከሰፈራችሁ አጠገብ ባለ፣ ጠዋት ወጥታችሁ ለምሳ በምትመለሱበት ኮረብታ ጀምሩ። ስሌቱን እዚያ ተለማመዱት፤ የገመታችሁትንና የፈጀባችሁን ሰዓት በደብተር ጻፉ። የቡድናችሁን ዝግተኛ ሰው እወቁት፤ አትሙትበት። አንድ ጊዜ ደግሞ ሆን ብላችሁ፣ ጫፉ እየታያችሁ፣ ሰዓቱ ደረሰ ብላችሁ ተመለሱ። ከዳገቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ልምምድ የሚያስፈልገውም ይህ ነው።

እናንተ አዘጋጆች ደግሞ፣ ከእናንተ የምንለምነው አንዲት መስመር ናት። በሚቀጥለው ፖስተራችሁ ላይ፣ ከምሳውና ከፎቶ አንሺው በላይ፣ መመለሻ ሰዓት ጻፉ። «7 ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንመለሳለን። ጫፍ ያልደረሰ ገንዘቡ አይመለስለትም፤ እሱ ግን ይመለሳል» በሉ። ይህን የሚጽፍ አዘጋጅ ካገኘን የመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች እኛ ነን። ካላገኘን ግን እሑዳችንን እቤታችን ብናሳልፍ ይሻለናል።

ቱሉ ወለል እንደሆነ የትም አይሄድም። እኛ ግን በ11 ሰዓት ተኩል ታች መድረስ አለብን፤ ከታች የሚጠብቁን እናቶች አሉና።